ከቤተ ሙከራ እስከ ደጃችን፦ የዩኒቨርሲቲዎች ግኝት ማን ዘንድ ይደርሳል?

ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ከዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ የምርምር ዜናዎች ብዙ ናቸው። ለወባ ክትባት ተገኘ ተባለ። ከበረሃ አየር ውሃ የሚሰበስብ ቁስ የኖቤል ሽልማት አስገኘ። የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሶላር አዲስ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ በዘረ መል እርማት ታከመ። እነዚህ ዜናዎች በቴሌግራምና በቲክቶክ ተቆራርጠው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። በአይጥ ላይ ብቻ የተሞከረውም፣ በሺህ በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ የተፈተነውም፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚገኘውም፣ ከ20 ዓመት በኋላ ምናልባት የሚደርሰውም እኩል "መድኃኒት ተገኘ" ተብለው ይሰራጫሉ።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ታማሚ ያለበት ሰው እንዲህ ዓይነት ዜና ሲያይ ተስፋ ያደርጋል። ጂዳ ወይም ዱባይ ላለች እህቱ ይደውልና "መድኃኒቱ እናንተ ጋ ገብቷል ይባላል፣ እስኪ ፈልጊልን" ይላል። መድኃኒቱ አይገኝም፤ ወይም "አለኝ" የሚል አጭበርባሪ ይገኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተታለለ ሰው በመጨረሻ "ሁሉም ወሬ ነው" ብሎ ይደመድማል። እውነተኛው ክትባት ሰፈሩ ሲመጣም ልጁን ሳያስከትብ ይቀራል። ሁሉን ማመንም ሁሉን መጠራጠርም ዋጋ ያስከፍላል።

በዚህ ጽሑፍ ከህክምና፣ ከሳይንስና ከምህንድስና የተወሰኑ ግኝቶችን እናነሳለን። ማሳየት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ግኝት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ከሰው ደጅ እስኪደርስ የሚያልፋቸው በሮች አሉ፤ በሰው ላይ መረጋገጥ፣ ሰው በሚችለው ዋጋ መመረትና በቦታው መድረስ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ውጤት ሳያይ ለረጅም ዓመት የሚታገስ ገንዘብ ያስፈልጋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወባ ክትባቱ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም?

በወባ የምንጀምረው ለእኛ የሩቅ ወሬ ስላልሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ህሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል።

አር21 የተባለውን የወባ ክትባት የሠሩት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጄነር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሰጥ የመከረው በኦክቶበር 2023 ሲሆን፣ በ2024 ክረምት በኮትዲቯር ለሕፃናት መሰጠት ተጀምሯል። ዜናው ድንገት የመጣ ቢመስልም ጉዞው ረጅም ነው። ከአር21 በፊት በ2021 ይሁንታ ያገኘው የመጀመሪያው የወባ ክትባት ምርምሩ የተጀመረው በ1980ዎቹ ነበር። የኦክስፎርዱ ክትባት ያንን መንገድ ተከትሎና አሻሽሎ የመጣ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላው ነገር ሥራው የኦክስፎርድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ክትባቱ ከፍተኛ ተስፋ እንዳለው ያሳየው ጥናት የተካሄደው ናኖሮ በምትባል የቡርኪና ፋሶ የገጠር ከተማ ሲሆን፣ የመሩት የሀገሪቱ ተመራማሪ ሃሊዱ ቲንቶ ናቸው። ቀጥሎ የመጣው ሰፊ ጥናት በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 4,800 ያህል ሕፃናትን አካቷል። ወባ በክረምት በሚበረታባቸው አካባቢዎች በመጀመሪያው ዓመት 75 በመቶ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚከሰትባቸው ደግሞ 68 በመቶ ገደማ መከላከል ችሏል። ልጆቻቸውን ለጥናቱ ያቀረቡት እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ እንደኛው ሙስሊም የሆኑ የምዕራብና የምሥራቅ አፍሪካ ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ ሌላው ልጅ የሚያገኘው ጥበቃ የእነሱም ስጦታ ነው።

ይሁን እንጂ ክትባቱ የማያደርገውንም ማወቅ ይገባል። አራት ጊዜ መሰጠት አለበት፤ ሦስቱ ተከታትለው፣ አራተኛው ከዓመት በኋላ። ጥበቃው ከጊዜ ጋር ስለሚቀንስ አራተኛውን የዘለለ ልጅ ብዙ ያጣል። የተሠራው ፋልሲፓረም ለተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ግን ቫይቫክስ የተባለውም በስፋት አለ፤ እሱን ክትባቱ አይከላከልም። ስለዚህ "ክትባት መጣ" ተብሎ አጎበር የሚጣጠፍበት ምክንያት የለም።

ድሬዳዋ የሰጠችው ትምህርት

የወባ ነገር ከተነሳ ሀገር ውስጥ የተሠራውን ምርምርም ማንሳት ፍትሐዊ ነው። ወባን ሁልጊዜ የቆላ ገጠርና የክረምት በሽታ አድርገን ነበር የምናውቀው። በ2022 ግን ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ፣ ያውም በደረቁ ወቅት፣ የታማሚዎች ቁጥር ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከ10 እጥፍ በላይ አሻቀበ። የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ምክንያቱን ፈለጉ። በ2023 በታወቀ ዓለም አቀፍ የህክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የወረርሽኙ ተሸካሚ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች የትንኝ ዝርያ መሆኗን አሳዩ።

ይህች ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪደሀር ነበር። ልዩ የሚያደርጋት ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ ቤቶች ሮቶና በርሜል ውስጥ በተከማቸ ንጹህ ውሃ መራባቷ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ሰው ውሃ ያከማቻል፤ ትንኟም እዚያው ትራባለች። በወረርሽኙ ከተጠኑት ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ነበር።

የዚህን ጥናት ውጤት ለመጠቀም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሮቶንና በርሜልን በደንብ መክደን፣ በየሳምንቱ ማጠብ በቂ ጅማሬ ነው። በየመስጂዱ ለውዱእ የሚሆን ውሃ የሚጠራቀምባቸው ሮቶዎችና ገንዳዎች አሉን። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋና ሠመራ ውስጥ ስንቶቹ ተከድነዋል? ኢማሞቻችን ከጁሙዓ ኹጥባ በኋላ በሁለት ደቂቃ ሊናገሩት የሚችሉት መልእክት ነው። ምርምር ደጃችን ደርሶ እጃችን ላይ የሚቀረው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አራት ዶላርና ሁለት ሚሊዮን ዶላር

ሁለተኛው በር ዋጋ ነው። አር21 በህንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት በብዛት ስለሚመረት የአንዱ ክትባት ዋጋ ከ2 እስከ 4 ዶላር ነው። ተመራማሪዎቹ ከመጀመሪያው ድሃ ሀገር የሚችለው ዋጋ ላይ አነጣጥረው ስለሠሩ የመጣ ውጤት ነው።

በሌላ በኩል ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ እንመልከት። ቀይ የደም ሕዋሶች ቅርጻቸው እንደ ማጭድ እየታጠፈ የደም ሥር የሚዘጉበት፣ ከባድ ህመም የሚያስከትል በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የህሙማን ቁጥር ያለው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጄኒፈር ዳውድና ከፈረንሳዊቷ ኢማኑኤል ሻርፐንቲየ ጋር በ2012 ይፋ ያደረጉት ክሪስፐር የተባለ ዘረ መልን የመቁረጥ ዘዴ በ2020 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ የመጀመሪያው ህክምና በብሪታንያና በአሜሪካ ለሲክል ሴል ተፈቀደ። ብዙ ታካሚዎች ዓመታት ካሰቃያቸው ህመም ተገላግለዋል።

የህክምናው ዋጋ ግን በአሜሪካ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የመቅኔ ሕዋስ ማውጣት፣ ጠንካራ ኬሞቴራፒና ረጅም የሆስፒታል ቆይታ ይጠይቃል። ስለዚህ "ለሲክል ሴል ፈውስ ተገኘ" የሚለው ዜና እውነት ነው፤ ለናይጄሪያዊው ወይም ለኮንጎው ልጅ ግን ገና እውነት አልሆነም። ሁለቱም ግኝቶች መነሻቸው ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዱ ገጠር ጤና ኬላ ሲደርስ ሌላው በሀብታም ሀገር ሆስፒታል የቀረው በሳይንሱ ብቻ ሳይሆን በዋጋውና በአሠራሩ ውስብስብነት ነው።

ውሃ ከአየር፣ ብርሃን ከፀሐይ

በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዑመር ያጊ ናቸው። በ1965 አማን ውስጥ ከፍልስጤም ከተፈናቀለ ቤተሰብ ተወለዱ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነበር፤ ከብቶቹም አብረው ነበሩ። በ15 ዓመታቸው ወደ አሜሪካ ተልከው በአንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ትምህርት ጀመሩ። ይህን ታሪክ በየገጻችን ስንቀባበለው ሰንብተናል፤ መልካም ነው። ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን ጥቂቶች ናቸው የጠየቁት።

ያጊ፣ የጃፓኑ ሱሱሙ ኪታጋዋና በአውስትራሊያ የሚሠሩት ሪቻርድ ሮብሰን የብረት አቶሞችን ከካርቦናዊ ሞለኪውሎች ጋር እንደ ቤት ማገርና ወራጅ አጋጥመው በውስጡ ብዙ ባዶ ክፍል ያለው ቁስ ሠሩ። ጥቂት ግራም የሚመዝነው ይህ ቁስ የውስጥ ግድግዳው ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ጋዝ ወይም የውሃ ተን ይያዛል። የያጊ ቡድን በአሪዞና በረሃ ሌሊት ከአየር እርጥበት ይዞ፣ ቀን በፀሐይ ሙቀት ውሃውን የሚለቅ መሣሪያ ሞክሮ አሳይቷል። የሮብሰን የመጀመሪያ ሥራ የታተመው በ1989 ነው። ከዚያ እስከ ሽልማቱ 36 ዓመት ሆነ። ያም ሆኖ መሣሪያው ዛሬ የአፋርን ወይም የሶማሌን አርብቶ አደር የውሃ ጥያቄ የሚመልስ አይደለም፤ የሚሰጠው ውሃ መጠንና የቁሱ ዋጋ ገና ብዙ ሥራ ይፈልጋሉ።

በምህንድስናው በኩል በሳዑዲ ዓረቢያ ከጂዳ በስተሰሜን በቀይ ባህር ዳርቻ ያለው የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል። በ2009 የተከፈተው ይህ ተቋም በ2023 ከፀሐይ ብርሃን 33.7 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሶላር በመሥራት የወቅቱን ክብረ ወሰን ይዞ ነበር፤ በኋላ አንድ የቻይና ኩባንያ በልጦታል። ጥበቡ በተለመደው ሲሊከን ላይ ፔሮቭስካይት የተባለ ስስ ንብርብር መደረብ ነው፤ አንዱ የማይዘውን ብርሃን ሌላው ይይዘዋል። ሲሊከን ብቻውን በተፈጥሮው 29 በመቶ አካባቢ ላይ ይገታል። ፈተናው አዲሱ ንብርብር በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ መበላሸቱ ነው። ክብረ ወሰኑ የተያዘው የጥፍር ያህል በሆነ ቁራጭ ላይ እንጂ ጣሪያ ላይ 25 ዓመት በቆየ ሶላር አይደለም። እንዲህም ሆኖ በ14 ዓመት ዕድሜው ከዓለም ቀዳሚዎች ጋር የተወዳደረ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ቋሚ ሀብት ከተመደበና ተመራማሪ ከተሰበሰበ ይህ ሥራ የምዕራቡ ብቻ ዕጣ አይደለም።

የሚታገሰው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ለዚህ የካታሊን ካሪኮ ታሪክ ይጠቅማል። ከሃንጋሪ ወደ አሜሪካ የሄደችው ይህች ተመራማሪ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለኤምአርኤንኤ ምርምሯ የገንዘብ ድጋፍ ማግኘት አቅቷት በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ ተደርጋለች። ከድሩ ዋይስማን ጋር ዋናውን ግኝት ያሳተመችው በ2005 ነው፤ ያኔ ብዙም ያስተዋላት አልነበረም። በ2020 ዑር ሻሂንና ኦዝሌም ቱሬጂ የተባሉ የቱርክ ስደተኞች ልጆች የመሠረቱት የጀርመን ኩባንያ ጭምር በዚያ ግኝት የኮቪድ ክትባት ሠራ። ካሪኮና ዋይስማን በ2023 ኖቤል ተሸለሙ። በ1990ዎቹ ተስፋ ቆርጣ ቢሆን ኖሮ ዓለም የሚያጣውን ማንም አያውቅም ነበር።

አሁን ግን ይህ የትዕግሥት ገንዘብ በአሜሪካ ራሱ እየተናጋ ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የጤና ምርምር ድጋፍ በብርቱ ለመቀነስ እርምጃ ወስዷል፤ የተወሰነውን ፍርድ ቤት አግዶታል። በነሐሴ ወር አካባቢ ደግሞ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጉ 22 የኤምአርኤንኤ ፕሮጀክቶች ድጋፍ ተቋረጠ። የዚህ ጉዳት ዛሬ አይታይም። የሚታየው ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሊመጣ ይገባው የነበረ መድኃኒት ሳይመጣ ሲቀር ነው።

የአፍሪካ መንግሥታት ከጠቅላላ ሀገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለመመደብ ከተስማሙ ረጅም ጊዜ ቢሆናቸውም አብዛኞቹ እዚያ አልደረሱም። ችግሩ ምን እንደሚመስል ደግሞ የእንዶድ ታሪክ ያሳየናል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸውና እናቶቻችን የሚያውቁት ተክል ርካሽ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል አስተዋሉ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ለዓመታት ደከሙበት፤ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይሁንና ሥራው በውጭ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ውድ የደኅንነት ምርመራ ተጠየቀ፤ ያንን የሚሸፍን ገንዘብ ሳይገኝ ጊዜው ነጎደ። በ1990ዎቹ በአሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ሌላ ጎጂ የውሃ እንስሳ ለመግደል የባለቤትነት መብት ተወሰደበት። በአንጻሩ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተቀጠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው ለአፍሪካ ገበሬ አደረሱ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ሁለቱም ብርቱ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የለያቸው ከኋላቸው ያለው ተቋምና ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ታሪካችንን ስናነሳ ስለ ኢብኑል ሀይሠምና ስለ ኢብኑ ሲና እንናገራለን። ከኋላቸው ስለነበረው ገንዘብ ግን እምብዛም አንናገርም። በ1280ዎቹ ካይሮ ውስጥ ሱልጣን ቀላውን የሠሩት ሆስፒታል ድሃም ሀብታምም የሚታከምበት፣ ህክምናም የሚማሩበት ነበር። ለዘመናት የቆየው ወቅፍ ተደርጎለት፣ ከሱቆችና ከቤቶች ኪራይ ቋሚ ገቢ ስለነበረው ነው። ወቅፍ ማለት ዋናው ሳይነካ ገቢው ለዓመታት የሚሠራ ሀብት ነው። ለምርምር የሚያስፈልገው ገንዘብ ጠባይም ይኸው ነው።

መስጂድ መሥራት ትልቅ ዒባዳ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የየከተማችን ጀማዓ፣ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሙስሊም ተማሪዎች ጀማዓዎች፣ በባህረ ሰላጤውና በአሜሪካ ያሉ ማኅበሮቻችን ከሚሰበስቡት ጥቂቱን ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች የምርምር ወጪ በወቅፍ መልክ ቢያደርጉት የብዙ ልጅ ዕጣ ይቀየራል። ጥሩ ርእስ ይዘው ለኬሚካል መግዣ፣ ለናሙና መሰብሰቢያ ትራንስፖርት ወይም ለላፕቶፕ አጥተው ጥናታቸውን ያሳጠሩ ልጆች አሉን። ለምርቃት ድግስ ከምናወጣው ጋር ሲነጻጸር የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም።

ከገንዘብ በፊት ሁላችንም የምንችለው ነገርም አለ። "መድኃኒት ተገኘ" የሚል ዜና ሲደርሰን ወደ ሌላ ከማስተላለፋችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ። በማን ላይ ተሞከረ፣ በእንስሳ ወይስ በሰው? በስንት ሰው፣ በየት ሀገር? የፈቀደው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማን ነው? ዋጋው ስንት ነው? በሀገራችን ጤና ተቋማት ገብቷል? መልስ ያልተገኘለት ዜና መድኃኒት አይባልም፤ ተስፋ ሰጪ ሙከራ ይባላል። ለታማሚ ቤተሰብ ይህን ልዩነት በግልጽ መንገር ተስፋ ማሳጣት አይደለም፤ ከአጭበርባሪ መጠበቅ ነው። ክትባቱ በተጨባጭ ጤና ጣቢያ በደረሰበት አካባቢ ደግሞ ሕፃኑን ይዞ መሄድ፣ አራተኛውን ዙር ሳይረሱ መመለስ ከወላጅ ይጠበቃል።

የድሬዳዋውን የትንኝ ምስጢር የፈቱት እንደኛው እዚህ ሀገር ተምረው ያደጉ ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ቀጣዩ ጥያቄ፣ የአፋር ውሃም ይሁን የሶማሌ ከብት በሽታ፣ ለልጆቻችን የተተወ ነው። ኢንሻ አላህ ይመልሱታል፤ እኛ ደግሞ ቢያንስ የትራንስፖርቱን እንሸፍንላቸው።